ሰላምታ የሚያበዛው ድረ ገጽ

ወገኖቼ፣ "በፈቃዴ" የሚለውን ቃል ከመናገራችሁ በፊት ግራ ቀኛችሁን እዩ። እናታችሁ አጠገባችሁ ካለች ደግሞ ጨርሶ አታንሱት። አሁን የምነግራችሁ ጣጣ ውስጥ ሰው አስገድዶ ቢከተኝ ኖሮ እከሰው ነበር። በገዛ ፈቃዴ ስለገባሁበት ግን ማንን ልክሰስ? ፈቃዴን?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ከሥር መጀመር የቤተሰባችን በሽታ ነው። እማዬ አውቶቡስ ለምን እንዳመለጣት ስትጠየቅ ሮም ከገባችበት ቀን ነው የምትነሳው። እኔ ግን አሳጥረዋለሁ። (አላሳጥረውም። በአማርኛ መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በቅርቡ ነው፤ ብዕሬ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ሕፃን ሆኗል፣ ቁጭ በል ቢሉት አይሰማም።)

የሮም ዳርቻ ሰፈር በሆነችው ሮማኒና ውስጥ የሐበሻ ልጅ ሆናችሁ ካደጋችሁ፣ ማንበብ በቻላችሁ ማግስት የሰፈሩ ጸሐፊ ሆናችሁ ትሾማላችሁ። "ነይማ የኔ ቆንጆ፣ ይቺ ወረቀት ምን ትላለች?" የፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ቀጠሮ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ቀጠሮ ለማስያዝ የሚያዝ ቀጠሮ። የእኔ ሹመት ደግሞ ከሌሎቹ ልጆች ከፍ ያለ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳጥኑን አጥፍቼ አበራሁት። በቃ፣ ይኸው ነው ሙያዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆማ "የእኔ ልጅ እኮ ኮምፒዩተር ጨርሳለች" ትላለች። ኮምፒዩተር የሚጨረስ ነገር ቢሆን እኔም በወደድኩ።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ጋሽ መርዕድ ይኖራሉ። በጋ በጋ ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ጃንጥላ ሲተክሉ፣ ብርድ ሲመጣ ምግብ ቤት ሳህን ሲያጥቡ ያረጁ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዓይናቸው ብርሃን ቀስ በቀስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቤት የሚወጡት እማዬ ስታወጣቸው ብቻ ነው። እማዬ ባዳንቴ ናት፤ አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ትንከባከባለች። የባዳንቴ ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የጋሽ መርዕድ ዓለም ሐሙስ ከሰዓት ተከፍታ ሐሙስ ማታ ትዘጋለች።

"ባሕሩ እኮ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ አይደለም ያለው" አሉኝ አንድ ቀን።

ምኞታቸው ይኸውላችሁ፦ በራሳቸው ባቡር ተሳፍረው፣ ኦስቲያ ወርደው፣ ባሕሩን ሰምተው መመለስ። ብቻቸውን። ለዚህ የሚሆን አንድ ኩርሶ አለ። አንድ ማኅበር ዓይነ ስውራንን በነጭ ዱላ መንገድ መሻገር፣ ባቡር መሳፈር ያስተምራል። ቦታው ግን ጥቂት ነው፤ ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ይከፈትና ሙቅ ውኃ እንዳገኘው ስኳር ይሟሟል።

"ጋሼ፣ እኔ ላስመዝግብዎት። አፍታ አይፈጅም" አልኳቸው።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ብቻዬን መሄድ ልማር ብዬ በሰው እጅ ልመዝገብ? ዋና ሊማር የሄደ ሰው በጀልባ ይሻገራል?"

ስልካቸው እንደሆነ ያነብላቸዋል። ለማያይ ሰው የተሠራ ድምፅ አለው፤ ጣት በመስታወቱ ላይ ሲሄድ ከጣቱ ሥር ያለውን ነገር ይናገራል። የማኅበሩን ድረ ገጽ ስንከፍት ግን እንዲህ አለ፦ "ፑልሳንቴ። ፑልሳንቴ። ፑልሳንቴ።" ፑልሳንቴ በጣልያንኛ ቁልፍ ማለት ነው። የምን ቁልፍ? አይታወቅም። ለሚያይ ሰው ሥዕል አለው፤ ትንሽ የቀን መቁጠሪያ፣ ትንሽ ሰዓት፣ ትንሽ ፖስታ። ለማያይ ሰው ስም አልተሰጠውም።

"ይሄ ድረ ገጽ" አሉ ጋሽ መርዕድ፣ "ሰርግ ጠርቶ ቤቱን የማይነግር ሰው ነው።"

"ልጄ ታስተካክለዋለች!" አለች እማዬ። "በፈቃዷ! አይደል እንዴ?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ መርዕድ እንኳ ዞሩ። ምን እላለሁ? "አዎ፣ በፈቃዴ" አልኩ።

ማኅበሩ ዘንድ ደወልኩ። አንዲት ደግ ሲኞራ አነሳች። "አሎራ" አለችኝ፣ "ድረ ገጹን እኛ አይደለንም የሠራነው። በነፃ ያገኘነው ሶፍትዌር ነው፤ የሚሠሩትም እንዳንቺ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለእነሱ ጻፊ። ያሻሻሉ ዕለት እኛ ወዲያው እንጭነዋለን።"

ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው። ማንም ያየዋል፣ ማንም ያስተካክለዋል። እንደ እድር ነው ብዬ ገመትኩ፤ ቅሬታ ይቀርባል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ይመካከራሉ። ስለዚህ ለዋናው ኃላፊ በእንግሊዝኛ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ፔካ ይባላል፤ ፊንላንድ ነው የሚኖረው። ስለ ጤናው ጠየቅሁ። ብርዱ እንዴት እንደያዘው ጠየቅሁ። ስለ ጋሽ መርዕድ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዋናውና ስለ ጀልባው አብራራሁ። መጨረሻ ላይ፣ ቁልፎቹ ስም የላቸውም አልኩ።

ፔካ መለሰ፦ "ልክ ነሽ። አስተካክዪው።"

ሙሉ ደብዳቤው ይኸው ነው! ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው። ስልኬ ቆርጦ ያስቀረው መስሎኝ ወደ ታች ወደ ታች ፈለግሁ። የለም። በዚያ መንደር ጉድለት ያየ ሰው ጉድለቱን ይረከባል። "ድንኳኑ ተቀዷል" ያለ እድርተኛ መርፌና ክር እንደሚሰጠው ማለት ነው። በእኛ እድር እንዲህ ቢሆን ኖሮ ስብሰባችን እንዴት አጭር ይሆን ነበር!

ሊቼዮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን፣ ትንሽ ኮድ አስተምረውናል። ትንሽ ያልኩት በትሕትና አይደለም። ቢሆንም ሥራው ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም መስጠት ነው። ስሙ ለዓይን አይታይም፤ ለሚያነበው ድምፅ ብቻ ነው የሚነገረው። (ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።) ሶፍትዌሩ የብዙ አገር ቋንቋ ይናገራል። የአማርኛው ቦታ ግን ባዶ ነበር። ባዶ! አማርኛ መጻፍ ገና በጀመራት ልጅ ፊት ባዶ ቦታ መተው፣ ሁዳዴ በሚፈታበት ዋዜማ የዶሮ ወጥ ድስት ከፍቶ መሄድ ነው።

ጋሽ መርዕድም ደስ አላቸው። "ጣልያንኛን የተማርኩት ለሥራ ነው" አሉ። "አሁን ሥራ የለኝም። የሚያናግረኝ ከመጣ በአማርኛ ያናግረኝ።" አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ስልካቸው ላይ ጫንን። ድምፁ ጉንፋን ይዞት፣ ቅዳሴው ረዝሞበት የሚጣደፍ ዲያቆን ይመስላል። ጋሽ መርዕድ ሰምተው ሳቁና "ዲያቆኑ" አሉት። ስሙ ጸደቀ።

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። "ስም" ብዬ ጻፍኩ። "ቀን"። "ሰዓት"። "ላክ"። እማዬ ከኋላዬ መጥታ አጎንብሳ አየች።

"ማንን ነው ላክ የምትይው?"

"ቁልፉ ነው እማዬ።"

"ቁልፉን ማን ነው የሚሰማው? ጋሽ መርዕድ አይደሉም? ለሽማግሌ 'ላክ'? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩሽ?"

"እሺ፣ 'ይላኩ' ልበል።"

"እንደምን ዋሉ እንኳ ሳይባል? ሰው ገና ከመግባቱ 'ስም!' ትይዋለሽ? ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?"

ምን ላድርግ፣ አሳመነችኝ። ኮምፒዩተር የጨረስኩትን እኔን፣ ኮምፒዩተር ያልጀመረች እናቴ ቆማ አስጻፈችኝ። የስሙ ሳጥን እንዲህ ሆነ፦ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው? እባክዎን ስምዎን እዚህ ይጻፉልን፤ እናመሰግናለን።" የቀኑ ቁልፍ፦ "ፈጣሪ ቢፈቅድ በየትኛው ቀን ሊመጡልን ያስባሉ? በመጡ ጊዜ ሁሉ ደስ ይለናል።" ከሰዓቶቹ እያንዳንዱ ላይ ደግሞ፦ "ይህ ሰዓት ካልተመቸዎት አይጨነቁ፤ ቀጥሎ ሌላ አለ።" የመላኪያው ቁልፍ ላይ ስንደርስ እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ምርቃት ጀመረች። እኔም ጻፍኩ። እንዲያውም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ከራሴም ጨመርኩበት። ደስ የሚል አረፍተ ነገር ሲመጣልኝ እጄ አያርፍም።

ፔካ አየው። "የፊንላንድኛው አራት ፊደል ነው" አለ። "የአንቺ አራት መስመር ነው። ለምን?"

"ባህል ነው" አልኩት።

"አማርኛ አላውቅም። እሺ።"

ተቀበለው! ስሜ ከሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ገባ። ክፍሌ ውስጥ እስክስታ ወረድኩ። ሞክረሽው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ አንዲት ቁልፍ ሞክሬያለሁ። አንዲቷ ስትሰማ ታምራለች። አንድ ጉርሻ ቀምሶ "ጨው ልክ ነው" የማይል ሰው ማነው?

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ መርዕድ ክራቫት አስረው ጠበቁን። ለስልክ፣ ክራቫት! ማኅበሩም እንደ ቃሉ አዲሱን ጭኖታል። እኔና እማዬ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጣታቸውን አሳረፉ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?" አለ ዲያቆኑ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ጋሽ መርዕድ።

"ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው?"

"ደኅና ናቸው፣ ምስጋና ለእሱ ይሁን።"

እማዬ በኩራት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ጋሽ መርዕድ ስማቸውን ጻፉ። ወደ ቀኑ ሄዱ። ዲያቆኑ ፈጣሪ ቢፈቅድ መቼ ሊመጡ እንደሚያስቡ ጠየቃቸው። "እሱ ካለ" ብለው መለሱለት። በመጡ ጊዜ ሁሉ ደስ እንደሚለው ነገራቸው። "አንተም ደስ ይበልህ" አሉት።

"ጋሼ፣ ይለፉት! ጣትዎን ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርጉት ዝም ይላል!"

"ሰው በሰላምታ ሲያናግረኝ አቋርጬው ልሂድ?"

"ሰው እኮ አይደለም!"

"አስተዳደጉ ግን የሰው ነው።"

ወደ ሰዓቶቹ ደረሱ። የመጀመሪያው ሰዓት አይጨነቁ አላቸው። ሁለተኛው አይጨነቁ አላቸው። እሳቸው አልተጨነቁም፤ የምጨነቀው እኔ ነኝ! ሦስተኛው አይጨነቁ እያለ ሳለ ድንገት ተቋረጠ። "ጊዜዎ አልቋል" አለ። "ከመጀመሪያው ይጀምሩ።" ለካ ድረ ገጹ አንድ ሰው ብዙ ከቆየበት ይዘጋል። ለምን እንደሚዘጋ ፔካ ይወቅ። ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠርጎ (ጉሮሮ የለውም፣ ግን ጠረገ) ቀጠለ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?"

"አሁን ነገርኩህ እኮ" አሉ ጋሽ መርዕድ።

ሁለተኛውን ዙር ጨርሰው ሰዓቶቹ ጋ ሲደርሱ ሰዓት አልነበረም። "ቦታው ሞልቷል" ብቻ። ይህችን እማዬ አላስጻፈችም፤ ስለዚህ አጭር ነበረች።

ጋሽ መርዕድ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ በጥንቃቄ ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። "ዲያቆኑ ጨዋ ነው" አሉ። "ግን ደጃፍ ላይ ሰላምታ ሲያበዛ ሰርጉ አለቀብን።" ሳቅ ብለው ነው ያሉት። እማዬ "ይነሱ፣ ኦስቲያ እንሂድ" ስትላቸው ግን "ዛሬ ይቅርብኝ" አሉ። ሐሙስ ሆኖ ባሕር ይቅርብኝ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ማኅበሩ ዘንድ እየተንተባተብኩ ደወልኩ። ሲኞራዋ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ምዝገባ እንዳለ፣ ከዚያ በኋላ ግን ኩርሶው ለዚህ ዓመት እንደሚዘጋ ነገረችኝ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን። አንድ ሳምንት።

ያ ሳምንት! መጀመሪያ ዓይኔን በነጠላ አስሬ ድረ ገጹን በጆሮዬ ብቻ ልጠቀም ሞከርኩ። የገዛ ሰላምታዬን ስሰማ ዋልኩ። እናንተ፣ ሰው ራሱን ማዳመጥ እንዴት ይደክማል! ውኃ ልጠጣ ተነስቼ ከፍሪጁ ጋር ተጋጨሁ። ፍሪጁ እንኳ ሰላምታ የሚያበዛብኝ መሰለኝ። ቀን ስመርጥ ደግሞ መመረጡን የሚናገር የለም። ይህንንም አስተካከልኩ። ጊዜው ሊያልቅ ሲል "ጊዜ ይጨመር?" የሚል ቁልፍ አበጀሁ። ለፔካ ላክሁ። "አይሆንም" አለ። አስተካክዬ ላክሁ። "እንደገና።" ላክሁ። "አንድ ክፍተት ጎድሏል።" ክፍተት! ባዶ ቦታ ጎደለ ብሎ የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባዶውን ሞልቼ፣ ማለቴ ባዶውን ባዶ አድርጌ፣ መልሼ ላክሁ።

ከእማዬ ጋር ያለው ጦርነት ግን ከፔካ ይብስ ነበር።

"ታዲያ የእኔ ሰላምታ ሁሉ ይጣል?"

"ሰላምታሽ አይደል ያስቀራቸው!"

ይህን ካልኩ በኋላ ፊቷን ሳይ ቆጨኝ። እማዬ ጋሽ መርዕድን እንደ አባቷ ነው የምታያቸው። እኔም መስመሩን የጨመርኩ ሰው ነኝ፣ እሷ ላይ ምን አስጮኸኝ? ወደ ታች ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ ዲያቆኑ ያለ ሰላምታ 'ስም፣ ቀን' ቢልዎት ይቀየማሉ?"

"ልጄ፣ ካናገረኝ እመልሳለሁ፤ ካላናገረኝ ምን ያስቀይመኛል?" አሉ። "ቅዳሴ ላይ አጠገብሽ ካለው ሰው ጋር 'ቤተሰብ እንዴት ነው' ትባባያለሽ? ሥራው ይሠራል። ሰላምታው ሥራው አልቆ፣ ደጀ ሰላም ላይ ነው።"

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ማታ ሁሉንም ቆረጥኩ። "ስም።" "ቀን።" "ሰዓት።" "ላክ" ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ "ይላኩ" ብዬ ተውኩት።

"አንድም አይቀርልኝ?" አለች እማዬ ከበሩ ላይ።

"አንድ ቦታ አስቀምጬልሻለሁ።"

"የት?"

"አይታይም።"

ፔካ ሁሉንም አይቶ ወደ አንዲት መስመር ጠቆመ። "ይህች ረጅም ናት። የግድ ታስፈልጋለች?"

"አዎ" አልኩ።

በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩ ደብዳቤ እሱ ነው። ፔካ ሳይገረም አልቀረም። "እሺ" አለ፤ ማኅበሩም ረቡዕ ዕለት ጫነው።

ሐሙስ። ጋሽ መርዕድ ክራቫት አላሰሩም፤ የበጋ ባርኔጣቸውን ብቻ አድርገዋል። እማዬ እጆቿን ጭኗ መሐል ከታ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

"ስም" አለ ዲያቆኑ።

ጋሽ መርዕድ "እግዚ..." ብለው ጀምረው ተዉት። ጻፉ።

"ቀን።" ጣታቸው ሄደ። "ማክሰኞ። ተመርጧል።"

"ሰዓት።" "አራት ሰዓት። ተመርጧል።"

"ይላኩ።"

ጫኑት። ከዚያ ዝም። መስታወቱ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች፤ እኔ አያታለሁ፣ እሳቸው አያዩዋትም።

"ምን ሆነ?" አሉ በሹክሹክታ።

"እየዞረ ነው ጋሼ።" ለካ "እየሠራሁ ነው፣ ይጠብቁ" የሚል ቃል ሳልሰጣት ቀርቻለሁ! ራሴን ልመታ እጄን ሳነሳ፦

"ቀጠሮዎ ተይዟል" አለ ዲያቆኑ።

እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ ቀረች፤ ዲያቆኑ አላቆመማ። እዚህኛው ገጽ ላይ የሚያልቅ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ የፈለገውን ያህል መናገር ይችላል። "እግዚአብሔር ይስጥልን" አለ በዚያ ጉንፋናም ድምፁ። "መንገድዎን ያቅናልዎ። እግርዎን ከእንቅፋት ይጠብቅልዎ። ወጥተው በሰላም ይግቡ።"

ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አሜን" አሉ።

"ይኸው!" አለች እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ሰላምታ ሰው አይጎዳም አላልኩም? የእኔ ነው! እኔ ነኝ ያስጻፍኳት!"

እስቲ ፍረዱኝ! ሳምንቱን ሙሉ ከፊንላንድ ጋር የተሟገትኩት፣ ከፍሪጅ ጋር የተጋጨሁት እኔ! "እማዬ፣ አንቺ እኮ መጀመሪያ ላይ..." ብዬ ልነሳ ስል ጋሽ መርዕድ ባርኔጣ የያዘ እጃቸውን አነሱብን።

"ዝም በሉ እስቲ ሁለታችሁም" አሉ፣ ስልኩን ወደ ጆሯቸው እያስጠጉ። "ዲያቆኑ ገና አልጨረሰም።"